የአንጎል ቃጫ

ለሆሳዕናና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የቆምኩት ስለ አንጎል ልናገር ነው፤ ግን ከጓሮ ልጀምር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንሰት ሲፋቅ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግንዱ ይወድቃል፣ ሽፋን ሽፋኑ ይላጣል፣ እናት ሳንቃው ላይ ወጥራ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ውሃው ይንጠባጠባል። ለስላሳው ነገር ከታች ይከመራል፤ ሰንብቶ ቆጮ ይሆናል። በእጇ ላይ የሚቀረው ነጭ ክር ቃጫ ነው። ቃጫውን የምናየው ሌላው ሁሉ ከተፋቀ በኋላ ነው እንጂ ተክሉ ቆሞ ሳለም ውስጡ ነበር። ያን ሁሉ ውሃ ያዘለ ግንድ ሳይቀደድ፣ ሳይፈነዳ፣ ነፋስ ሳይሰብረው እንዲቆም የረዳው እሱ ነው።

አንጎላችንም ውስጥ ቃጫ አለ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ነው፤ የምነግራችሁም አንዲት እናት ስለጠየቁኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጎረቤታችን ልጅ ከሞተር ሳይክል ወደቀ። ራሱ ላይ ምንም አልደፋም ነበር። ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ «ደህና ነኝ» አለ፣ ቤቱ ገብቶ ቡና ጠጣ። ማታ ራሱን አመመው። እኩለ ሌሊት ላይ ደጋግሞ አስመለሰው። ሊነጋ ሲል እናቱ ቢቀሰቅሱት ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይጨፍናል እንጂ ቃል አይመልስም። ሐኪም ቤት ሲደርስ ቤተሰቡ የሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «አንጎሉ አብጧል»። ልጁ ተረፈ። ዛሬ ይሠራል፣ ይስቃል፤ አንዳንድ ቃል ግን ይጠፋበታል። እናቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቃቸውም። «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል። እግር ሲያብጥ ይታያል፣ ፊት ሲያብጥ ይታያል። አንጎል እንዴት ነው የሚያብጠው? ምኑ ነው የሚያብጠው?» አሉኝ።

ያን ቀን የሰጠኋቸው መልስ «ውሃ ይቋጥራል፣ እማማ» የሚል ነበር። ውሸት አይደለም። ግን መልስም አልነበረም፤ ውሃው የት ገባ? ማን አስገባው? ምን ያዘው? እነሆ ሙሉውን ለመመለስ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ቤቱን እንይ። የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የተቀመጠው በማይለጠጥ አጥንት ውስጥ ነው። በራስ ቅል ውስጥ ካለው ቦታ 80 በመቶ ያህሉን አንጎሉ፣ ቀሪውን ግማሽ በግማሽ ደምና አንጎልን የሚያጥበው ጥርት ያለ ፈሳሽ ይይዙታል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1783 (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)፣ ጆርጅ ኬሊ ደግሞ በ1824 ያስተዋሉት ይህን ነበር፤ ሳጥኑ የተዘጋ ስለሆነ አንዱ ከጨመረ ሌላው መቀነስ አለበት። እግር ቢያብጥ ቆዳው ይወጠራል፣ ጫማ ይወልቃል። አንጎል ሲያብጥ የሚወልቅ ነገር የለም። በመጀመሪያ ፈሳሹ ወደ አከርካሪ ይሸሻል፤ ቀጥሎ ደሙ ይገፋል፤ ደም ሲገፋ ኦክስጅን ያንሳል፤ ኦክስጅን ሲያንስ እብጠቱ ይብሳል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶውን ይወስዳልና የደም እጥረትን አይታገሥም። እብጠቱ ከቀጠለ መጨረሻ ላይ አንጎሉ ወደ ታች፣ የአከርካሪ ሰረሰር ወደሚያልፍበት ቀዳዳ ይገፋል። ትንፋሽን የሚያዘው ክፍል ያለው እዚያ ነው።

አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ። ምኑ ነው የሚያብጠው?

አንጎል ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የነርቭ ሕዋስ ነው። 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉን። ከእነሱ ጋር በቁጥር የሚቀራረቡ፣ ራሳቸው መልእክት የማያሯሩጡ ሌሎች ሕዋሳትም አሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ እ.ኤ.አ. በ1856 ለእነዚህ የሰጣቸው ስም «የነርቭ ሙጫ» የሚል ትርጉም ያለው ነው፤ የነርቭ ሕዋሳትን አጣብቆ ከመያዝ የዘለለ ሥራ ያላቸው አልመሰለውም ነበር። ከእነሱ መካከል አንዱ ዓይነት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጨረሩን ወደየአቅጣጫው እንደዘረጋ ኮከብ ስለሚመስል በ1890ዎቹ «አስትሮሳይት»፣ ማለትም ኮከብ ሕዋስ ተባለ። እኔ ዛሬ ደጋፊው ሕዋስ እያልኩ እጠራዋለሁ።

ሙጫ መባሉ ትልቅ በደል ነው። የዚህ ሕዋስ አንዱ እጅ የደም ሥርን አቅፎ ይይዛል፤ ሌሎቹ እጆቹ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መገናኛ ይከባሉ። በሰው አንጎል ውስጥ አንድ ደጋፊ ሕዋስ እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ መገናኛዎችን ሊያገለግል ይችላል። የነርቭ ሕዋስ ሲሠራ ፖታሲየም ያፈሳል፤ ደጋፊው ያነሣዋል። መልእክት የሚያደርሰው ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ሥራውን ሲጨርስ ካልተነሣ መርዝ ይሆናል፤ ደጋፊው ያነሣዋል። ከደም ስኳር ተቀብሎ ለነርቭ ሕዋሱ ስንቅ ያቀብላል። ለቅሶ ቤት ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጡ ውሃ የሚቀዱት፣ ዕቃ የሚያጥቡት፣ እንግዳ የሚያበሉት እናቶች ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ለቅሶው አንድ ቀን አያድርም። ደጋፊው ሕዋስ በአንጎል ውስጥ ያለው ቦታ ይህ ነው።

ታዲያ ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ የተጎዳው ቦታ ደም ያንሰዋል። ደም ካነሰ ጉልበት ያንሳል። እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚነዳ ፓምፕ አለው፤ ጉልበት ሲያጥር ፓምፑ ይቆማል። ፖታሲየምና ግሉታሜት ውጭ ይጥለቀለቃሉ። ደጋፊው ሕዋስ እንደ ልማዱ ለማንሣት ይሮጣል፤ ከመጠን በላይ ያነሣል። ጨው ወደ ገባበት ውሃ ይከተላል። እናም ደጋፊው ሕዋስ ያብጣል። እማማ፣ የልጅዎ አንጎል ውስጥ መጀመሪያ ካበጡት ዋናው ይህ ነው። ከደም ሥር አፈትልኮ የወጣ ውሃም አለ። ኢጎር ክላትዞ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ሁለቱን ለየ፤ አንዱ ውሃው ሕዋሱ ውስጥ የሚገባበት እብጠት ነው፣ ሌላው ውሃው ከደም ሥር ሾልኮ በሕዋሳት መካከል የሚጠራቀምበት። በአደጋ ጊዜ ሁለቱም ተደራርበው ይመጣሉ።

ውሃው የሚገባበት በርም ተገኝቷል። አሜሪካዊው ፒተር አግሬ በሕዋስ ቆዳ ላይ የውሃ ቀዳዳ የሚሆኑ ፕሮቲኖችን በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በአንጎል ያለው ዋናው የውሃ በር አኳፖሪን 4 ይባላል፤ በብዛት የሚገኘውም ደጋፊው ሕዋስ የደም ሥሩን ባቀፈበት መዳፍ ላይ ነው። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ይህ በር የሌላቸውን አይጦች መረመረ፤ የአንጎል ደም መቋረጥ ሲደርስባቸው እብጠታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወዲያው «እንግዲያው በሩን እንዝጋው» ለማለት ያስቸኩላል። ነገር ግን በኋላ እንደታየው፣ ከደም ሥር ሾልኮ የተጠራቀመው ውሃ ተመልሶ የሚወጣውም በዚያው በር ነው፤ በሩ የሌላቸው አይጦች በዚህኛው እብጠት የባሰ ተጎዱ። ይህን በር በቦታው ቸንክሮ የሚይዘው ደግሞ ከመዋቅር ፕሮቲኖች ጋር የተያያዘ መልሕቅ ነው፤ ከመልሕቁ አካላት አንዱ ዲስትሮፊን፣ በጡንቻ ውስጥም የምናውቀው፣ ጎድሎ ሲገኝ ልጆችን ጡንቻ አሟሽሾ የሚያሽመደምደው ፕሮቲን ነው።

እዚህ ጋ ነው ወደ ቃጫው የምንመለሰው።

በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሦስት ዓይነት ክር አለ፤ ቀጭን፣ መካከለኛና ወፍራም። መካከለኛው ክር በደጋፊው ሕዋስ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተሠራው ጂኤፍኤፒ ከሚባል ፕሮቲን ነው። ከእሱ ጋር ቪመንቲን የሚባል ሌላ ፕሮቲን አብሮት ይገመዳል። ውፍረቱ 10 ናኖ ሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር በሺዎች እጥፍ ይወፍረዋል። አገማመዱን ስትሰሙ የዶዮገና ሽማግሌ ቃጫ ሲገምዱ የምታዩ ይመስላችኋል። ሁለት ፕሮቲኖች እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ። ሁለት ጥንዶች ጎን ለጎን ተኝተው አራት ይሆናሉ። እንዲህ ያሉ ስምንት አራቶች ተደርበው አንድ ውፍረት ይሰጣሉ፤ ከዚያ ጫፍ ለጫፍ እየተያያዙ ይረዝማሉ። የዚህ ዓይነቱ ክር ሲሳብ ከርዝመቱ በእጥፍ በላይ ይለጠጣል እንጂ ቶሎ አይበጠስም፤ እየተለጠጠ በሄደ መጠንም ይጠነክራል። ሌሎቹ ሁለት ዓይነቶች ያን ያህል አይችሉም።

ይህ ፕሮቲን የተገኘበት መንገድ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ነው። ላውረንስ ኤንግ የሚባል አሜሪካዊ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጨረሻ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለ የአንጎል በሽታ የነበረባቸው ሕሙማን ከሞቱ በኋላ የተወሰደ አንጎል ይመረምር ነበር። በዚህ በሽታ በቆየ ጠባሳ ላይ ሌላው ሁሉ ያልቃል፤ የሚቀረው ክር በክር የሆነ የደጋፊ ሕዋስ ነው። ኤንግ ፕሮቲኑን ለይቶ ያወጣው ከዚያ ጠባሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተመው። እንሰቱን በሽታው ፍቆለት ነበር፤ እሱ የቀረውን ቃጫ አነሣ።

ታዲያ ይህ ክር በእብጠት ጊዜ ምን ይሠራል? ለማወቅ ያለው መንገድ ክሩን አውጥቶ ማየት ነው። በስዊድን ጎተንበርግ ሚሎሽ ፔክኒና ባልደረቦቹ ጂኤፍኤፒና ቪመንቲን ሁለቱም የሌሏቸው አይጦች አራቡ። አይጦቹ ይወለዳሉ፣ ያድጋሉ፣ ይዋለዳሉ። በሰላም ቀን ምንም የጎደላቸው አይመስልም። ብዙዎች «እንግዲህ ክሩ አያስፈልግም ነበር» ብለው ሊያልፉት በቻሉ። ልዩነቱ የመጣው በመከራ ቀን ነው።

በ1998 የታተመ ሥራቸው ከርዕሳችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ከእነዚህ አይጦች የወሰዱትን ደጋፊ ሕዋስ ጨው ባነሰው ውሃ ውስጥ አደረጉት፤ ሕዋሱ ውሃ እየሳበ ያብጣል። ጤነኛ ሕዋስ ሲያብጥ ዝም ብሎ አይፈነዳም። ውስጡ ያከማቸውን ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገርና ሌሎችንም ወደ ውጭ ይለቃል፤ ውሃው ተከትሎ ይወጣል፤ ሕዋሱ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። ሁለቱም ክሮች የሌሉት ሕዋስ ግን ታውሪን የሚለቀው ቀንሶ ተገኘ። ልብ አድርጉ፤ ክሩ ግድግዳ ብቻ አይደለም። ሕዋሱ መወጠሩን የሚያውቅበትና መተንፈሻውን የሚከፍትበት መንገድ ውስጥ እጁ አለበት ማለት ነው። በእንሰት ምሳሌዬ ልተማመን የማልችለው እዚህ ላይ ነው። የእንሰት ቃጫ አንዴ ከተሠራ ያው ነው፤ የሕዋሱ ቃጫ ግን ይፈታል፣ ይገመዳል፣ ይሰማል።

በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ጂኤፍኤፒ ብቻ የጎደላቸውን አይጦች ጭንቅላት በክብደት መታ። ጭንቅላታቸው በደንብ ተደግፎ ሲመቱ ከጤነኞቹ አልተለዩም። ጭንቅላትና አንገታቸው ሊንቀሳቀስ በሚችልበት ሁኔታ ሲመቱ ግን ጤነኞቹ ሲተርፉ ክር አልባዎቹ አብዛኞቹ ወዲያው ሞቱ። በ2008 ደግሞ የጎተንበርጎቹ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ በሁለቱም ክር አልባ አይጦች ላይ የሚሞተው የአንጎል ክፍል ስፋት ከጤነኞቹ ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሚሆን አሳዩ።

ነገሩ ግን በአንድ ወገን የሚያልቅ አይደለም። ከጉዳት በኋላ ደጋፊው ሕዋስ ጂኤፍኤፒን አብዝቶ ይሠራል፣ ይደነድናል፣ ጠባሳ ይሆናል። ይኸው ጠባሳ መጀመሪያ ጉዳቱን ከልሎ ያቆማል፤ ቆይቶ ግን የነርቭ መገናኛዎች እንደገና እንዳይበቅሉ ያግዳል። ክር አልባዎቹ አይጦች ከሳምንታት በኋላ የነርቭ መገናኛቸው በተሻለ ሲያገግም ታይቷል። ስለዚህ ይህን ፕሮቲን የሚያጠፋ መድኃኒት ቢገኝ ጥያቄው «ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?» ሳይሆን «በስንተኛው ቀን?» ይሆናል።

ክሩ ከሥሪቱ ሲበላሽስ? በ1949 ስቱዋርት አሌክሳንደር የተባለ ሐኪም ጭንቅላቱ ከልክ በላይ እየተለቀ፣ እድገቱ ወደ ኋላ እየቀረ የሞተ አንድ ሕፃን አንጎል መርምሮ ጻፈ። ደጋፊ ሕዋሳቱ ውስጥ የተቋጠረ የክር ጓል ነበር። ምክንያቱ የታወቀው ከ52 ዓመት በኋላ በ2001 ነው፤ የጂኤፍኤፒ ዘረ መል ውስጥ የገባ ስሕተት። የአሌክሳንደር በሽታ እጅግ ብርቅ ነው። ያነሣሁት ግን ጭንቅላቱ ከልክ በላይ የሚተልቅ ሕፃን ያየ ቤተሰብ እርግማን ነው ብሎ እንዳይደብቀው ነው፤ ለአብዛኞቹ እንዲህ ላሉ ሕፃናት ምክንያቱ ሌላ፣ በቀዶ ሕክምና የሚረዳ የፈሳሽ መጠራቀም ነው፤ ቶሎ መምጣት ዋጋ አለው።

እብጠት የሚመጣው ከሞተር ብቻም አይደለም። እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ ነገር ግን ከሆሳዕና ወደ ጊቤ፣ ከሾኔና ከዱራሜ ወደ ብላቴ ሲወረድ ወባ አለ። በማላዊ ብላንታየር ቴሪ ቴይለርና ባልደረቦቿ ወባ አንጎላቸው ላይ የወጣባቸውን 168 ሕፃናት በኤምአርአይ አይተው በ2015 ውጤቱን አሳተሙ። 25ቱ ሞቱ፤ ከሞቱት 21ዱ ገና ሲገቡ አንጎላቸው ክፉኛ አብጦ ነበር። እስከዚያ ድረስ እነዚህ ልጆች ለምን እንደሚሞቱ ክርክር ነበር። የማጅራት ገትርም አንጎልን ያሳብጣል። አገራችን ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ እኛ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ ከ2013 እስከ 2015 በተሰጠው ሰፊ ክትባት ውስጥ እጁን የዘረጋ ሰው እዚህም አለ።

ሕክምናውን በአጭሩ ላንሣ፤ ሐኪሞቹ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ያህል ይነሣል፤ ደሙ ከአንጎል በቀላሉ ይመለሳል። ትንፋሽና የደም ግፊት እንዳይወርድ ይጠበቃል። ማኒቶል ወይም ጨው የበዛበት ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፤ ውሃውን ከአንጎል ወደ ደም ይስባል። አስተዋላችሁ? ቅድም በአይጦቹ ሕዋስ ላይ ከተደረገው ተቃራኒው ነው። ጨው ያነሰው ውሃ ያሳብጣል፤ ጨው የበዛበት ያሟሽሻል። በዚሁ ምክንያት ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ሲደክም አይቶ በየመድኃኒት ቤቱ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ማለት አደገኛ ነው። ስኳሩ ወዲያው ይበላል፤ የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው፣ መንገዱም ወደ ደጋፊው ሕዋስ ነው።

አንድ ታሪክ ግን በአጭሩ አላልፈውም። ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ጭንቅላቱ ለተመታ ሰው ስቴሮይድ ይሰጡ ነበር። በአንጎል ዕጢ ዙሪያ የሚፈጠረውን እብጠት በሚገባ ስለሚቀንስ ለዚህም ይሆናል ብለው ነው። ክራሽ የተባለው ጥናት በልዩ ልዩ አገሮች 10,008 ሰዎችን መዝግቦ በ2004 ውጤቱን አወጣ፤ ስቴሮይድ ከተሰጣቸው መካከል በሁለት ሳምንት ውስጥ 21.1 በመቶው፣ ካልተሰጣቸው መካከል 17.9 በመቶው ሞተዋል። በቅን ልቦና የተሰጠ መድኃኒት ሰው ይጨርስ ነበር። «እብጠት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሸፍኖ ስለያዘ ነው፤ የትኛው ሕዋስ፣ ውሃው የት ነው ብሎ መጠየቅ የቅንጦት ትምህርት አይደለም የምለውም ለዚህ ነው።

አሁን እኛን ከሁሉ ይበልጥ የሚመለከተንን ልናገር። ደጋፊው ሕዋስ ተመትቶ ሲቀደድ ካልሲየም ይጥለቀለቅበታል፤ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይነቃል፤ ቃጫው ይቆራረጣል። ቁርጥራጩ ወደ ደም ይገባል። ጂኤፍኤፒ ከአንጎል ውጭ እምብዛም ስለማይገኝ በደም ውስጥ መብዛቱ ከላይ ሆኖ እንደሚጮህ መልእክተኛ ነው። ከአደጋው በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት ይጀምራል፣ በ20ኛው ሰዓት አካባቢ ከፍተኛ ይሆናል፣ እስከ ሳምንት ይቆያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2018 ጂኤፍኤፒንና ሌላ አንድ ፕሮቲንን የሚለካ የደም ምርመራ ፈቀደ፤ ወደ 2,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ሲፈተሽ በሲቲ ስካን የሚታይ ጉዳት ካለባቸው 97.5 በመቶውን ለይቷል። በ2024 ደግሞ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ፣ በአልጋ አጠገብ፣ ከክንድ በተቀዳ ደም በ15 ደቂቃ ውጤት የሚሰጥ ተፈቅዷል።

ይህ ለማን ይጠቅማል? በየመንገዱ ሲቲ ስካን ላለው አገር ገንዘብ ይቆጥባል። ለእኛ ግን ሌላ ነው። ከዚህ አዲስ አበባ ከ230 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ነው። በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ። ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ በዝተዋል። ከጊምቢቹ ወይም ከአዲሎ የተነሣ ቤተሰብ በሬውን ሸጦ ሕመምተኛ ጭኖ ከመጓዙ በፊት «ይህ ይሂድ፣ ይህ እዚሁ ይታይ» የሚል ሚዛን ቢኖር ስንት ቤት ይድናል። ምርመራው የሐኪምን ዓይን አይተካም፤ ደም እየፈሰሰ ላለ ራስ ቅል መድኃኒት አይሆንም። ለመለየት ግን ይረዳል። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች እዚህ አላችሁ። ከተማችን ሆሳዕና ሳትባል የተጠራችበትን ስም የያዘ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሆስፒታሉም ከሐዲያ ወጥታ የዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት የሆነችውን፣ በጥበቧ የታወቀችውን ንግሥት እሌኒን ስም ይዟል። ይህን ምርመራ በእኛ አገር ሕሙማን ላይ፣ በእኛ መንገድ ርዝመት ልክ ፈትሹት። የእናንተ ሥራ ነው።

የቀረው የሁላችን ነው። በየከተሞቻችን ሞተር ሳይክል የወጣቱ እንጀራ ሆኗል፤ ሦስት ሰው ጭኖ ከፎንቆ ሆሳዕና የሚመላለሰውን ሁላችን እናውቃለን። ሄልሜት የሞተር ነጂን ሞት በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ከብዙ ጥናቶች ተሰብስቦ ታውቋል። ቃጫው ከመበጠሱ በፊት የሚሠራ ያለን መሣሪያ እሱ ብቻ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ገንዘብ እየላካችሁ ለወንድማችሁ ሞተር የምትገዙ ልጆቻችን ንግግሬን ብታነቡት፣ የሄልሜቱን ጨምራችሁ ላኩ።

ሰው ከወደቀም ጭንቅላትና አንገቱን በአንድ መስመር ይዛችሁ አንሡት፤ ባጃጅ ውስጥ አጣጥፋችሁ አትጫኑት። ቁስሉ ላይ ቡና አትነስንሱ፤ ንጹሕ ጨርቅ በቂ ነው። አረቄም ሆነ ሌላ ነገር በአፉ አትስጡት። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ አንድ ወገኑ ከደከመ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ጥርት ያለ ውሃ ከወረደ፣ ወይም እንቅልፉ ከልክ ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።

«ደህና ነኝ» ቢልም አንድ ቀን ሙሉ ብቻውን አይሁን። እናቶች፣ ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ ቀስቅሱት፤ ስሙን ጠይቁት፣ የት እንዳለ ጠይቁት፣ እጃችሁን አጥብቆ እንዲይዝ ንገሩት። ካልመለሰ የጎረቤትን በር አንኳኩ።